እጅ የመጨረሻው ነው

በዚህ ወር አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ በየምሽቱ ሁላችንንም የሚነካ ነው፤ ነፍስንና ቤትን ስለ መጠበቅ። ወጣቶች ስለዚህ ጉዳይ ሲጨዋወቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። «ሌሊት ሌባ ቤታችን ቢገባና ብመታው ምን ይለኛል? ቢሞትስ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሸሪዓም በአገር ሕግም መልስ አለው። ሆኖም ከእርሱ በፊት የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። በሩ በደንብ ተዘግቶ ነበርን? ጎረቤት ተጠርቶ ነበርን? ለፖሊስ ተነግሮ ነበርን? እነዚህን ዘሎ ወደ ዱላና ወደ ጠመንጃ የሮጠ ቤተሰብ አንድ ፍየል ለማዳን ብሎ ልጁን ወህኒ ሊያወርድ፣ ወይም ለዓመታት የማይደርቅ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ለማሳያነት ሜጋን እንውሰድ። ሜጋ በቦረና ዞን የድሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ሞያሌ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ትገኛለች። ከባድ መኪና ያድርባታል፤ መንገደኛና ነጋዴ ያልፍባታል። በስተሰሜኗ ዱብሉቅ የከብት ገበያ ስላለ፣ በገበያ ቀን ማታ በብዙ ቤት ውስጥ የበሬ ወይም የግመል ዋጋ የሚያህል ብር ያድራል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በመክሸፋቸው ቦረና ከብቱን በብዛት አጥቷል፤ ብዙ ቤተሰብም ወደ ከተሞች ተጠግቷል። እንዲህ ባለ ቦታ የማይታወቅ ፊት ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። እንግዳን ሁሉ ሌባ ብሎ መጠርጠር ወንጀል የሌለበትን ወንድም መበደል ነው፤ በርን ክፍት ትቶ መተኛትም ሌላው ስሕተት ነው።

ጣልያኖች ሜጋ ላይ ግንብ ሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1941 ከኬንያ የመጣው የደቡብ አፍሪካ ጦር ከጥቂት ቀናት ውጊያ በኋላ እጅ አሰጥቶ ያዘው። ወፍራም ግንብ ብቻውን ጠባቂ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም። የቤት ጥበቃ ከግንብ ይልቅ በልማድ፣ በጎረቤትና በሥርዓት ይቆማል።

ግመልህን እሰር

በአላህ (ሱ.ወ.) መመካት ሰበብን ከማድረስ ጋር ነው። ግመሉን ሳያስር በአላህ እመካለሁ ላለው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ መንገራቸውን ቲርሚዚይ ዘግበዋል። የቦረና ከብት አርቢ ይህን ለመረዳት ተፍሲር አያስፈልገውም፤ በረቱን በእሾህ ሳይዘጋ የተኛበት ሌሊት ጅብ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም ምሽት ሲሆን ልጆችን ወደ ቤት መሰብሰብ፣ በርን በአላህ ስም መዝጋት፣ ዕቃን መክደንና መብራትን ማጥፋት ታዟል። በመሆኑም በር መዝጋት ከእምነት ጉድለት የሚመጣ ፍርሃት ሳይሆን ሱና ነው።

እንግዲህ ከበሩ እንጀምር። በቆላ ከተሞቻችን ብዙው ቤት የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ነው። ወላጆች በዚህ ሳምንት ቀን ላይ ከቤት ውጭ ቆመው ቤታቸውን በሌባ ዓይን ይመልከቱት።

1ኛ/ የበሩ ማጠፊያ በየት በኩል ነው? ማጠፊያው ወይም የጓጉንቸሩ ማንጠልጠያ ከውጭ በሚፈታ ቡሎን ከታሰረ ጓጉንቸሩ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ዋጋ የለውም። ቡሎኑ ወደ ውስጥ እንዲታሰር ወይም እንዲበየድ ማድረግ ከአዲስ ቁልፍ ይልቅ ይረክሳል።

2ኛ/ የበሩ መቃን ከግድግዳው ጋር ተያይዟል ወይስ ይነቃነቃል? ሌባ ብዙ ጊዜ ቁልፉን አይሰብርም፤ መቃኑን ገፍቶ ይገባል። ከውስጥ አግድም የሚገባ ጠንካራ የእንጨት መወርወሪያ ለጭቃ ቤት ጥሩ አጋዥ ነው።

3ኛ/ ሣጥኑ ወይም ቁም ሣጥኑ የት ተቀምጧል? ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ከሆነ ጭቃውን የበሳ እጅ በቀላሉ ይደርስበታል። ወደ መካከለኛው ግድግዳ ይዛወር።

4ኛ/ በአጥሩ ሥር መሰላል፣ ዶማ፣ መጥረቢያ ተጥሏልን? የገዛ መጥረቢያችን በራችንን እንዳይሰብር ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ።

5ኛ/ መብራት በጠፋ ጊዜ ባትሪው የት እንዳለ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃልን? ደጅ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የፀሐይ መብራት ጨለማን ለሚፈልግ ሰው ትልቅ መሰናክል ነው።

ውሻን በተመለከተ ጥያቄ ይነሳል። ያለ በቂ ምክንያት ውሻ ማሳደር የሥራ ምንዳን እንደሚቀንስ፣ ለከብት፣ ለአደንና ለእርሻ ግን እንደተፈቀደ በሐዲስ መጥቷል። ኢማም ነወዊይን የመሰሉ የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለማም በዚሁ መነሻ ለቤት ጥበቃ ማሳደርን ፈቅደዋል። ቦታው ግን ከቤት ውጭ ነው፤ ዕቃችንንም እንዳይልስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

ሌባ የሚፈልገውን አለማሳደር

ከሁሉ የሚሻለው ጥበቃ ሌባ የሚፈልገው ነገር ቤት ውስጥ አለመኖሩ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ከወለድ ለመራቅ ሲል ገንዘቡን በሣጥን፣ በፍራሽና በመሬት ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ዛሬ ይህ ችግር በእጅጉ ቀሏል። ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት ከከፈቱ ቆይተዋል፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሎታል። በዚያው ዓመት የመጣው ቴሌብር ደግሞ ባንክ ለራቀው ነጋዴ ገንዘቡን በስልኩ እንዲያስቀምጥና እንዲልክ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ የገበያ ቀን ገንዘብ እዚያው ገበያ ውሎ ወደ ሒሳብ ቢገባ ሌሊቱ ይቀላል። የምሥጢር ቁጥሩን ግን ለልጅም ለጓደኛም አለመንገር፣ በስልክ ደውሎ «ቁጥርህን ንገረኝ» ለሚል ሰውም አለመስጠት ያስፈልጋል።

አንደበትም መጠበቅ አለበት። «ዛሬ አምስት በሬ ሸጥን»፣ «አባቴ ሞያሌ ሄዷል፤ ነገ ነው የሚመጣው» የሚለው የልጆች ወሬ ከሻይ ቤት ወደ መንገድ ይወጣል። ልጆች ውሸት እንዲናገሩ ሳይሆን የቤትን ነገር የቤት አድርገው እንዲይዙ እናስተምራቸው።

በርን የዘጋ መውጫውን ያስብ

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አደጋ አለ። ሜጋ እንደ ዙሪያዋ ቆላ አይደለችም፤ ከፍታ ላይ በመሆኗ ጉምና ብርድ ያገኛታል። በብርድ ሌሊት ሌባ በመፍራት በርና መስኮት ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ፣ ከሰል የተቀጣጠለበትን ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ሕይወት ያጠፋል። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ ጭስ አይታይም፤ አይሸትም፤ የተኛውንም ሰው አይቀሰቅሰውም። ከሰል ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በእሳት በተያያዘ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመተኛት በፊት እሳት እንዲጠፋ ማዘዛቸው ለእኛም ትምህርት ነው።

በተመሳሳይም በሩን ከውስጥ በጓጉንቸር የሚቆልፍ ቤተሰብ ቁልፉን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ቦታ ላይ፣ ልጅ በጨለማ ሊደርስበት በሚችልበት ቁመት ይስቀለው። መስኮት ላይ ብረት የተበየደበት ቤት አንዱ መስኮት ከውስጥ ተከፋች ይሁን። እሳት በተነሳ ጊዜ ሌባን የከለከለ በር የቤቱን ሰው ከልክሎ እንዳይገኝ።

ጎረቤት ሁለተኛው አጥር ነው

የቆርቆሮ ቤት ድምፅ ይሰማል፤ የሚሰማው ግን የሚያዳምጥ ጎረቤት ሲኖር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጂብሪል ስለ ጎረቤት ደጋግመው ከማሳሰባቸው የተነሳ ውርስ ሊያካፍሉት እስኪመስላቸው ድረስ መድረሳቸውን ነግረውናል። ይህን ሐዲስ ያስተላለፉት ሰሓባ ዐብዱላህ ኢብን ዐምር በግ ባሳረዱ ጊዜ ለአይሁዳዊ ጎረቤታቸው መላኩን አጥብቀው ጠይቀዋል። በሜጋ ጎረቤት ሙስሊም፣ ክርስቲያን ወይም ዋቄፈታ ሊሆን ይችላል፤ ቦረና፣ ገሪ፣ ቡርጂ ወይም ከሰሜን የመጣ ነጋዴም ሊሆን ይችላል። ሌሊት ስንጮኽ የሚደርስልን እርሱ ነው። ሌባም ጎሣ የለውም፤ የአንድ ሰው ስርቆት የአንድ ጎሣ ጥፋት ተደርጎ ከተወራ ጠዋት የሚነሳው ጠብ ከሌሊቱ ስርቆት ይከፋል።

ቦረናዎች በቱላ ጉድጓዶቻቸው የሚጠቀሙበትን ሥርዓት ሁላችንም እናውቃለን። ከብት ሁሉ ተጠምቶ ሳለ ማን መቼ እንደሚያጠጣ በተራ ይያዛል፤ ተራውን የሚጠብቅ ሰውም ይሾማል። ውኃ በተራ ከተጠበቀ ሌሊትም በተራ ሊጠበቅ ይችላል። አሥር የሚሆኑ ጎረቤታሞች ከቀበሌውና ከአካባቢው የማኅበረሰብ ፖሊስ ጋር ተመካክረው ተራ ቢያወጡ ለአንድ ቤት በየጥቂት ሌሊቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሰዋል። ተረኞቹ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ ባትሪና ፊሽካ ይያዙ። የፊሽካው ምልክት ምን እንደሆነ ሴቶችና ልጆችም ይወቁት። የተረኛ ሥራ ማየት፣ መጮኽና መጥራት ነው፤ መፍረድና መቅጣት አይደለም። የፖሊስ ጣቢያው ስልክ በእያንዳንዱ ቤት በር ጀርባ ላይ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ። ባል መንገደኛ የሆነባት፣ ባሏ የሞተባት ወይም አቅመ ደካማ አረጋዊ ያለበት ቤት ከተራው ነፃ ሆኖ ጥበቃው ግን ቀድሞ ለእርሱ ይድረሰው።

ሌባው ውስጥ ከገባስ?

አሁን ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ ደርሰናል። ኢማም ነሳኢይ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ገንዘቡን ሊወስድበት ስለሚመጣ ሰው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቀ። መልሱ ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ አላህን እንዲያስታውሰው ታዘዘ፤ ካልተመለሰ በዙሪያው ባሉ ሙስሊሞች እንዲረዳ፤ እነርሱ ከሌሉ ለባለሥልጣን እንዲያሰማ፤ ባለሥልጣኑ ሩቅ ከሆነ ያን ጊዜ ስለ ገንዘቡ እንዲታገል። ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ነፍሱ ወይም ስለ ቤተሰቡ ሲከላከል የተገደለ ሰው ሸሂድ መሆኑ በሌሎች ሐዲሶች ተረጋግጧል። ይህን የመጨረሻ ክፍል ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ከፊቱ ያሉትን ሦስት ደረጃዎች ግን ይዘነጋል።

በ676 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም ነወዊይ «ሚንሃጅ» በተባለው የፊቅህ መጽሐፋቸው ይህን መከላከል በዝርዝር አስቀምጠዋል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። አጥቂን መመለስ በቀላሉ ተጀምሮ እንደ አስፈላጊነቱ ይከብዳል። በንግግርና በጩኸት የሚመለሰውን መምታት ክልክል ነው፤ በእጅ የሚመለሰውን በዱላ፣ በዱላ የሚመለሰውን በሚገድል ነገር መምታት አይፈቀድም። ማምለጥ ከተቻለም ማምለጥ ይቀድማል። ነፍስ ለሌለው ንብረት መታገል ግዴታ አይደለም፤ ሰው ንብረቱን ትቶ ነፍሱን ቢያድን አይወቀስም። የሴት ክብር ሲደፈር መከላከል ግን ግዴታ ነው።

የአገራችን ሕግም ወደዚሁ ይመጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ላይ ሕገ ወጥ ጥቃትን ለመመለስ የተደረገ መከላከል አያስቀጣም። ቅድመ ሁኔታዎቹ ግን ግልጽ ናቸው፤ ጥቃቱ እየተፈጸመ ያለ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ከልክ ያለፈ ሰው በአንቀጽ 79 መሠረት ቅጣቱ ይቀልለታል እንጂ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ያለፈው በጥቃቱ ድንጋጤ ወይም ፍርሃት የተነሳ ከሆነ ግን ፍርድ ቤቱ ያለ ቅጣት ሊተወው ይችላል።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። ቢላ ይዞ ወደ እናታችን የሚመጣን ሰው እጁን በዱላ መምታት መከላከል ነው። ፍየሏን ጥሎ በአጥር ዘሎ የሚሸሽን ሰው ከኋላው መተኮስ ግን መከላከል አይደለም፤ አደጋው አልፏልና። ተይዞ የታሰረን ሌባ መደብደብም እንዲሁ ነው። ከተያዘ በኋላ ያረፈችበት እያንዳንዷ ዱላ የራሷ ወንጀል ናት፤ «ሁሉም ሲመታ መታሁ» የሚለው ምክንያትም በዳኛ ፊት፣ ከሁሉ በላይ በአላህ ፊት፣ አያድንም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ ማንም ሰው እንዲይዝ የፈቀደው ሳይዘገይ ለፖሊስ እንዲያስረክብ ነው።

ሕጉ ለተበደለ ሰው በተግባር እንዴት እንደሚቆም ለማየት ከቦረና ወደ ሰሜን፣ ወደ አርሲ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1996 አበራሽ በቀለ የተባለች የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ ተደፈረች። የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ስታመልጥ ተከትሎ ደረሰባት፤ ተኩሳም ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። «ድፍረት» የተባለው ፊልም በዚሁ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። በኋላ የወጣው የ1996 ዓ.ም. ሕግም ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጋብቻ መፈጸሙም ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም። ይህን ሴቶች ልጆቻችን በግልጽ ሊያውቁት ይገባል። ሆኖም አበራሽ በሕግ ነፃ ብትሆንም ከቀየዋ ርቃ ለመኖር ተገድዳለች። ፍትሐዊው መከላከል እንኳ ይህን ያህል ዋጋ ካስከፈለ፣ ልክ ያለፈው ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ወጣቶቻችን ያስተውሉ።

ጠመንጃ ያለበት ቤት

በቆላው ለከብት ጥበቃ ጠመንጃ የያዘ ብዙ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ያልተመዘገበ መሣሪያ ያለው አባወራ ቤቱን ሲጠብቅ ራሱ ተከሳሽ እንዳይሆን ያስብበት። የተመዘገበውም ቢሆን ጥይቱ ወጥቶ፣ ጠመንጃውና ጥይቱ ለየብቻ ተቆልፈው ይቀመጡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በወንድም ላይ መሣሪያ ማነጣጠርን፣ በቀልድም ቢሆን፣ ከልክለዋል፤ የተመዘዘ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ ማቀባበልንም ከልክለዋል፤ ቀስት ይዞ ወደ መስጂድ የገባም ጫፉን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ይህ ሁሉ ዛሬ ለጠመንጃ የበለጠ ይሠራል። በጨለማ ውስጥ ኮሽታ ሰምቶ የተኮሰ ሰው ለሽንት የወጣ ልጁን ሊያገኝ ይችላል።

ለዚህም መድኃኒቱ በሱረቱ ኑር የተሰጠን የማስፈቀድ ሥርዓት ነው። ከፈጅር በፊት፣ በቀትርና ከዒሻ በኋላ ልጆች እንኳ ሳያስፈቅዱ ወደ ወላጆች ክፍል እንዳይገቡ ታዟል። እንግዳም ሰላም ብሎ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ካልተፈቀደለት ይመለሳል። ሌሊት የሚወጣና የሚገባ የቤት ሰው ስሙን ጠርቶ ሰላምታ የሚሰጥ ከሆነ፣ ውጭ ያለውም ደጅ የሚያንኳኳውን «ማን ነው?» ብሎ ሳይለይ የማይከፍት ከሆነ፣ ወዳጅና ጠላት በድምፅ ይለያሉ።

ውድ ወላጆች፣ በዚህ ወር ከመግሪብ በኋላ አንድ ምሽት ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ሦስት ነገር ወስኑ። ሌሊት ድምፅ ቢሰማ ልጆቹን ይዞ ወደ አንድ ክፍል የሚገባው ማን ነው? የሚጮኸውና የሚደውለው ማን ነው? ቁልፉና ባትሪው የት ናቸው? አንድ ጊዜም በጨለማ ሞክሩት። ለወንዶች ልጆቻችሁም ንብረት በአላህ ፈቃድ እንደሚተካ፣ ያለ አግባብ የጠፋ ነፍስ ግን እንደማይተካ በግልጽ ንገሯቸው። አንደበት፣ ጎረቤትና ሕግ ከፊት ይቁሙ፤ እጅ የመጨረሻው ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቻችንን፣ ልጆቻችንንና ጎረቤቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ከመበደልም ከመበደልነትም ያድነን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።